600 ዋት ነው ይላል

ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ካርዱ የማያውቀው ነገር የለም። ሜሞሪው ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ ስንት ፋን እንዳለው፣ ዱባይ ስንት እንደሚሸጥና መርካቶ ሲገባ ስንት እንደሚሆን በቃሉ ያወርድላችኋል። "ፓወር ሰፕላይህስ?" ስትሉት ግን መልሱ አጭር ነው፤ "600 ዋት ነው።" ማን ሠራው ብላችሁ ጠጋ ካላችሁ ደግሞ፣ "እኔ እንጃ፣ 600 ዋት ነው ይላል" ይላችኋል። የሚለው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ዲግሪዬ ግን የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ይህ ማለት የጎረቤት ሬዲዮ፣ የዘመድ ቴሌቪዥን፣ የጓደኛ ኮምፒውተር፣ ሲሞት ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል ማለት ነው። ከሚመጡት ኮምፒውተሮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው። እሱ ብቻ ከሆነ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው። አንዳንዱ ሲሞት ማዘርቦርዱንም ዲስኩንም ይዞ ይሄዳል።

ይህን ያስጻፈኝ ግን ገና ያልሞተ ማሽን ነው፤ ቡሬ ያለው የአክስቴ ልጅ ማሽን። ቡሬን ለማያውቅ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መንገድ ላይ፣ የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በበርበሬዋ ትታወቃለች፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳና በዘይት ፋብሪካዋ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ቪዲዮ ቤት አለው። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ፣ ከዚያ ፋሲካ አልፎ እስከ ግንቦት፣ ወንበርማም ይሁን ጃቢ ጠህናን ገጠር ድረስ ካሜራውን ተሸክሞ ሠርግ ይቀርጻል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ከሙዚቃ አጫዋቾቹ ጄኔሬተር ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሌለ ቁጭ ብሎ ያቀናብራል።

የሚያቀናብርበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ በዱባይ በኩል የገባ፣ እኛ አገር በየቪዲዮ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የምታገኙት ዓይነት። ጠንካራ ማሽን ነው፤ አልዋሽም፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን ፎርኬ የሚቀርጽ ካሜራ ከገዛ በኋላ የአንድ ሰዓት ሠርግ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑ ሲጮኽ ማደር ጀመረ። ሌሊቱ መካከል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ስለዚህ ካርድ አስፈለገው፤ አርቲኤክስ 3060፣ ባለ 12 ጊጋ፣ ያገለገለ።

ስለ ያገለገሉ ካርዶች አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ በዓለም ዙሪያ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ገበያ ላይ ፈሰሱ። እኛ አገር ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ከእነሱ አንዱ ሊደርሰው ይችላል፤ ያ ብቻውን ችግር አይደለም። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አልፎ ሄደ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ካርዱን የገዛው በሁለት የጥር ወቅት ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። ከእናቱም ተበድሯል። ካርዱ ቢቃጠል የሚተካበት ገንዘብ የለውም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ካርዱ ሲላክለት ሻጩ "ይቺን በነጻ መርቄልሃለሁ" ብሎ ፓወር ሰፕላይ ጨመረለት። እሱም ደውሎ "ወንድምዓለም፣ 600 ዋት ነው፤ ይበቃዋል አይደል?" አለኝ።

"ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ" አልኩት።

ወረቀቱን ማንበብ ከባድ አይደለም። ማየት ያለባችሁ ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ከታች ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኮረንቲ ወደ ብዙ ዓይነት ቮልቴጅ ይቀይራል፤ 3.3፣ 5 እና 12። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከ12ቱ ነው። ድሮ በፔንቲየም ሦስት ዘመን ፕሮሰሰሩ ከ5 ቮልቱ ይወስድ ስለነበር አሮጌ ንድፎች 5 ቮልቱን ያወፍራሉ፤ ርካሽ ፋብሪካዎች ደግሞ ያንን ንድፍ አልተዉትም። የተላከልኝ ፎቶ ላይ በ12 ቮልቱ ትይዩ የተጻፈው 18 አምፔር ነበር። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። የቀረው 384 ዋት ማንም በማይጠቀምበት መስመር ላይ የተበተነ ነው፤ ወይም ከነጭራሹ የለም።

ካርዱ በመመዘኛው 170 ዋት ይበላል። ፕሮሰሰሩ 84 ዋት። ሁለቱ ብቻ 254 ዋት፣ ማለትም ከ12 ቮልቱ 21 አምፔር ገደማ። ዲስኩን፣ ፋኑንና ማዘርቦርዱን ስንጨምር 300 ዋት አካባቢ እንደርሳለን። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ከ300 በላይ ያለው ትርፍ ለቅንጦት አይደለም። ግራፊክስ ካርድ ሲሠራ ፍጆታው እንደ ውሃ ቧንቧ እኩል አይፈስም፤ ለአፍታ፣ ከሺህ አንድ ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ፣ ከመመዘኛው በላይ ይዘላል። ይህ ዝላይ ከአዳዲሶቹ ትልልቅ ካርዶች ጋር አሳሳቢ ስለሆነ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መመዘኛ ትልልቆቹ ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮሰከንድ የዋታቸውን እጥፍ እንዲሸከሙ አዟል። የእኛው 3060 የዋህ ካርድ ነው፤ እጥፍ አያስፈልገውም። 216 ዋት ላይ ግን ማንም የዋህ አይሆንም።

"ነባሩን ብተወውስ?" አለኝ። ነባሩ የዴል ነው፤ 290 ዋት። ሐቀኛ 290 ዋት ነው፤ ከ"600"ው የተሻለ ይሠራል። ግን አይበቃም፤ ለካርዱ የሚሆን ባለ ስምንት ጥርስ ገመድም የለውም። በዚያ ላይ ማዘርቦርዱ እንደ ሌላው ኮምፒውተር ባለ 24 ጥርስ ገመድ አይቀበልም፤ ዴል ለራሱ ያወጣት ባለ ስምንት ጥርስ መሰኪያ አለችው። ስለዚህ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ ከ24 ወደ ስምንት የምትቀይር አጭር ገመድ አብራ መገዛት አለባት። ሁለቱ ባለ ስምንት ጥርሶች፣ የካርዱና የማዘርቦርዱ፣ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ አንድ አይደሉም። በግድ ገብቶልኛል ብሎ የሚሰካ ሰው አለ።

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ የትም አገር የሚሠራ ሒሳብ ነው። ቡሬ ሄጄ ሁለት ሌሊት ሳድር ግን የበለጠ ያሳሰበኝ የዋቱ ነገር አልነበረም፤ ግድግዳው ነው።

ቴስተር ይዤ ነበር የሄድኩት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሶኬቱ 214 ቮልት ያሳያል፤ መልካም። አምስት ሰዓት አካባቢ ከሦስት ቤት በኋላ ያለው ወፍጮ ቤት ሞተሩን ሲያስነሣ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ይጎትታል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እራት ላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። በዚያ ሰዓት 171 አነበብኩ። እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ሲተኛ 238። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል፤ ደስ ይላል፣ ጎጃምን የሚዞረው ያው ዓባይ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሶኬቴ ውስጥ ስንት ቮልት እንዳለ የሚወስነው ግን ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመርና ከእሱ እስከ ቤታችን የተዘረጋው ሽቦ ውፍረት ነው።

አሁን ያ በነጻ የተመረቀው ሳጥን ይህን ሲያገኘው ምን ይሆናል? ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከጀርባው ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር አለችው፤ 115 ወይም 230 የምትል። (ልጅ ነክቷት 115 ላይ ሆና ከ220 ጋር ስትሰካ የምታሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም።) እንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ከግድግዳ የገባውን ኮረንቲ በቀጥታ ወደ ዲሲ ቀይሮ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል። ካፓሲተር እንደ እንስራ ነው፤ መስመሩ ለአፍታ ሲደርቅ ማሽኑ የሚጠጣው ከእሱ ነው። 220 ቮልት ሲገባ እንስራው እስከ 311 ቮልት ይሞላል። 170 ሲገባ 240 ላይ ይቀራል። የሚያጠራቅመው ኃይል በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚሄድ 60 በመቶው ብቻ ይቀረዋል፤ ጥቅም ላይ የሚውለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚህ ጊዜ ወፍጮው ሲነሣ ኮምፒውተሩ "ጠፍቶ ይመጣል"። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ይላል።

ደህና የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ከመግቢያው ላይ አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ክፍል አለው። ሥራው የተባለለት ሌላ ነው፤ ከመስመሩ የሚወስደውን ኮረንቲ ማስተካከል። ለእኛ ያለው በረከት ግን የጎን ጥቅሙ ላይ ነው። የገባው 171 ይሁን 238፣ ከፍ አድርጎ እንስራውን ሁልጊዜ ወደ 380 ቮልት ገደማ ይሞላዋል። ቀዩ ማብሪያ የለውም፤ አያስፈልገውም። ወረቀቱ ላይ "100-240" የሚል ከሆነ ሙሉውን ርቀት ይችላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ፒኤፍሲ ያላቸው ሆነው "200-240" የሚል የተጻፈባቸውም አሉ፤ መስመሩ ለማይዋዥቅበት አገር ተብለው የተሠሩ ርካሾች። አውሮፓ ላይ ችግር የለባቸውም። ማታ አንድ ሰዓት ቡሬ ላይ ግን ሠሪያቸው ቃል ከገባው በታች ነው የሚሠሩት።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት ቅደም ተከተል ኢንተርኔት ላይ ከሚነበበው የተገለበጠ ነበር። መጀመሪያ "100-240" የሚለውን ፈልግ። ቀጥሎ የ12 ቮልቱን አምፔር። ዋቱን መጨረሻ ላይ ተመልከት።

"ጎልድ የሚባለውስ?" አለኝ። ሰምቷል።

80 ፕላስ የሚባለው ምልክት በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግድግዳ ከወሰደው ውስጥ ስንቱ ሙቀት ሆኖ ሳይባክን ለኮምፒውተሩ ደረሰ የሚለውን። በግማሽ ጭነት ላይ ብሮንዝ 85 በመቶ፣ ጎልድ 90 በመቶ። መደበኛው ፈተና የሚደረገው በ115 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ፣ በ23 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቡሬ ላይ ቮልቱም ኸርዙም የሉም። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። 300 ዋት ለማግኘት ብሮንዙ ከግድግዳ 353 ይወስዳል፣ ጎልዱ 333። ልዩነቱ 20 ዋት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ በወር 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፤ አክስቴ አንድ ቀን ረዘም አድርጋ እንጀራ ስትጋግር ምጣዷ የሚበላውን ያህል። ለመብራት ሒሳብ ብሎ ጎልድ መግዛት ከንቱ ነው።

ጎልድ ማለት ደግሞ አስተማማኝ ማለት አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ካርድ በጠፋበት ሰዓት የጊጋባይት ፒ750ጂኤም የተባለ ፓወር ሰፕላይ አሜሪካ ውስጥ ከግራፊክስ ካርድ ጋር ተጣምሮ ይሸጥ ነበር፤ ካርዱን የፈለገ ሰው ሳጥኑንም ይገዛል። 80 ፕላስ ጎልድ ነበር። ጌመርስ ኔክሰስ የተባሉት ገምጋሚዎች ገዝተው ሲፈትኑት እየተንጣጣ፣ ብልጭታ እየረጨ ሞተባቸው። ኩባንያው በኋላ ባወጣው መግለጫ፣ ጭነት ሲበዛ የሚያጠፋው መከላከያ ከ120 እስከ 150 በመቶ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ እንደነበርና ወደ 110 እስከ 120 በመቶ ዝቅ እንደተደረገ ገለጸ። 750 ዋት የሆነ ሳጥን 1,125 ዋት እስኪደርስ ዝም እንዲል ተፈቅዶለት ነበር ማለት ነው። ትልቅ ስም፣ የወርቅ ምልክት። ስም ዋስትና አይሆንም፤ መታየት ያለበት ያ ሞዴል ራሱ ተከፍቶ ሲፈተን ምን እንደሆነ ነው። ከመግዛቴ በፊት ሞዴሉን ስሙን ጽፌ ከፍተው የፈተኑትን ሰዎች የምፈልገው ለዚህ ነው። ማንም ከፍቶ ያላየው ሞዴል ከሆነ አልገዛም።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ትንሽ ተቆጣ። "አንተ እኮ ሰው ዳቦ ሲጠይቅህ ስንዴው የት እንደበቀለ ትጠይቃለህ" አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ማሽኑ ውስጥ ያለውን አስታወስኩት።

ማሽኑ ውስጥ ሦስት ሃርድ ዲስክ አለ። የሁለት ዓመት ሠርግ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለነበር ክላውድ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ሊኖረው አልቻለም፤ አሁንም ቢሆን የአንድ ሠርግ ፎርኬ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ የሚሰቀል አይደለም። ፓወር ሰፕላይ በመጥፎ አሟሟት ሲሞት 12ቱ ወይም 5ቱ ቮልት ከልኩ በላይ ይወጣል፤ ዲስኮቹ ደግሞ የሚጠጡት ከሁለቱም ነው። ጥሩ ሳጥን ውስጥ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ወዲያው የሚያጠፋ መከላከያ አለ። በነጻ የመጣው ውስጥ ስለመኖሩ ማን ይመሰክራል? የካርዱ ገንዘብ ከባድ ነው፤ ግን ካርድ ይገዛል። ሺንዲ ላይ የተዳረችዋን ሙሽራ፣ ሲመርቋት እያለቀሱ የነበሩትን አያቷን፣ ማን ድጋሚ ይቀርጻቸዋል? ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

ዩፒኤስ ነበረው። "አይሠራም" ብሎ ጥግ ላይ ጥሎታል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል ነው የሚለው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ርካሽ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ እስከ አሥር ገደማ በሉት። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሚኖረው ፓወር ሰፕላዩ እንስራ ውስጥ ባለው ነው። መመዘኛው ወደ 17 ሚሊሰከንድ እንዲያቆይ ይጠይቃል። ሳጥኑ ያን ያህል ካላቆየ ዩፒኤሱ ደርሶ ሲያበራ ማሽኑ ቀድሞ ጠፍቷል። የነባሩ ዴል ካፓሲተር ከዓመታት ሙቀት በኋላ ደክሟል፤ ዩፒኤሱን በአምፖል ስሞክረው ግን ቀጥ ብሎ ሠራ። እኛ አካባቢ በዩፒኤስ ላይ ከሚነሣው ክስ ግማሹ የተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሱ ሳጥን ሲመጣ ይኸው ዩፒኤስ ሥራውን ጀመረ፤ 650 ቪኤ የሚለው ግን 360 ዋት አካባቢ ስለሆነ ካርዱ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ መብራት ከሄደ ዕድሜው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሥራውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ይበቃል።

የገዛነው 550 ዋት ነው፤ ብሮንዝ። "100-240" ይላል። በ12 ቮልቱ 45 አምፔር። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች 105 ዲግሪ የተጻፈባቸው ናቸው፤ ርካሾቹ ላይ 85 የሚል ታገኛላችሁ፤ እንደ ቀረቤታ ሕግ የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር እጥፍ ስለሚሆን በ85 እና በ105 መካከል ያለው ልዩነት አራት እጥፍ ነው። ለካርዱ ከከፈለው ሩብ አይሞላም። አዲስ አበባ መገናኛ ያለ ጓደኛዬ ገዝቶ በመኪና ላከልን፤ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን። ሠሪው የአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ዓባይን ተሻግሮ የሚመለስ ዋስትና ግን ቡሬ ላለ ሰው ወረቀት ነው። እኔ የዋስትናውን ዓመት የማየው ለመመለስ ብዬ አይደለም፤ ሠሪው ራሱ በዕቃው ስንት ዓመት እንደሚተማመን ስለሚነግረኝ ነው።

ሚዛን ላይ ደግሞ ሁለቱን አስቀመጥናቸው፤ አክስቴ ቡና በምትመዝንበት። አዲሱ ከ"600"ው እጥፍ ገደማ መዘነ። ክብደት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ውስጡ ብረት ከትተው የሚያከብዱ አሉ ይባላል። ቅለት ግን ይናገራል።

ገመዶቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆኑ አንድ ነገር፤ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አትሰኩ። ወደ ካርዱ የሚገባው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም በሳጥኑ በኩል ያለው ጫፍ በየሠሪው ይለያያል። "ይገባል እኮ" ማለት ዋጋ የለውም።

ሳጥን ጥሩ ሆነ ማለት ግን ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣውን፣ ከዚያም የባሰውን፣ የኒውትራሉ ሽቦ ተበጥሶ ቤቱ ውስጥ እስከ 380 ቮልት ሊገባ የሚችልበትን ቀን፣ የትኛውም "100-240" አይችለውም። ለእሱ ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ ቮልቴጅ ሲበዛ ቆርጦ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያበራውን መከላከያ ከዲቫይደሩ በፊት አስገባን። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ከሶኬቱ መንቀል ነው፤ አክስቴ ይህን ከእኔ ቀድማ ታውቃለች፤ ሰማዩ ሲጠቁር ቴሌቪዥኑን ስትነቅል ነው ያደግነው።

የቀረው መሬት ነበር። የአክስቴ ልጅ ኬዙን ሲነካ "ይነዝረኛል" ይል ነበር፤ ሁሉም ቤት ስለሚነዝር ልማድ አድርጎታል። ፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ ረብሻ ለማጣራት የተቀመጡ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ወደ መሬት መስመሩ ነው የሚያፈሱት። ሶኬቱ ውስጥ የመሬት መስመር ከሌለ የሚያፈሱበት ስለማያገኙ ኬዙ ላይ የመስመሩ ግማሽ ገደማ ይቆማል። ቴስተሩ በኬዙና በውጭ በተተከለ ብረት መካከል 104 ቮልት አሳየ። ኮረንቲው ትንሽ ስለሆነ አይገድልም፤ ካሜራውን ወይም ዲስኩን በዩኤስቢ ስትሰኩ ግን የሚያልፈው በእነሱ ውስጥ ነው። በዚያው ሳሎን ነው የሠርጉ ካሜራ በየቀኑ የሚሰካው።

ኤሌክትሪሺያን አመጣን። ለቤቱ የፍሳሽ መቁረጫ ብሬከር አስገባ፤ ከጓሮ፣ ከውሃ መውረጃው አጠገብ መሬቱ እርጥበት ያለበትን ቦታ መርጦ ጉድጓድ አስቆፈረ። የመዳብ ዘንጉን ተከለና ዙሪያውን ከሰልና ጨው እያፈራረቀ ሞላው። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ስታይ ቆየች።

"ምን ልትቀብሩ ነው ልጄ?" አለችኝ።

"ኮረንቲ ነው እታባ።"

"ይኼን ሁሉ ጨው? ለኮረንቲ?" ብላ ከከረጢቱ የተረፈውን አንሥታ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።

ሽቦውን ወደ ሶኬቱ ስበን አገናኘነው። ማታ እንደገና ለካሁ፤ ኬዙ ላይ 2 ቮልት።